በጥልቀት ማሰብ በእንግሊዝኛ፦ ኮንሲደር፣ ፖንደር፣ ሪፍሌክት ወይስ ሌላ?

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ ተመራቂው ለስኮላርሺፕ ይጽፋል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራዋ ሱፐርቫይዘር ለውጭ አገር አለቃዋ ኢሜይል ትልካለች። ነርሱ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይዘጋጃል። እኔ የእነሱን ጽሑፍ አርማለሁ፣ ማታ ማታም አስጠናለሁ። ከሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁሉ የማይቀረው ይሄ ነው፦ «ቲቸር፣ በደንብ አሰብኩበት ለማለት የቱ ቃል ይሻላል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ግን ያሳስበኛል። ሰው መጀመሪያ «ቲንክ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ቃሉ ይቀልበታል። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ቀኝ ክሊክ ያደርግና የተመሳሳይ ቃላቱን ዝርዝር ይከፍታል። ከዝርዝሩ ውስጥ ሰምቶት የማያውቀውን ይመርጣል፤ ያላወቀው ቃል ሁሉ የተማረ ይመስለዋላ! «ስለ ድርጅታችሁ ለወራት ሩሚኔት አደረግኩ» የሚል የሥራ ማመልከቻ የሚወለደው እንዲህ ነው። ፈረንጁ ሲያነበው የሚታየው በድርጅቱ ጉዳይ እንቅልፍ ያጣ፣ በሐሳብ የተብሰለሰለ ሰው ነው።

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር አዲስ ነገር አይደለም። ፒተር ማርክ ሮዤ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ቃላትን በሐሳብ እየቧደነ ያዘጋጀውን መዝገብ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር የጠፋባችሁን ቃል ለማስታወስ ይጠቅማል። የማታውቁትን ቃል ለመምረጥ ግን አይሆንም። ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል እንጂ ልዩነታቸውን አይነግራችሁም።

እኔ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው። የሰውየው ሐሳብ መጨረሻው ምንድን ነው? ውሳኔ ነው? አንድን ነገር መረዳት ነው? ወይስ እዚያው መሽከርከር? ኮንሲደር፣ መል ኦቨር እና ደሊበሬት ወደ ውሳኔ ያመራሉ። ፖንደር፣ ሪፍሌክት እና ሜዲቴት ወደ መረዳት። ሩሚኔት እና ብሩድ የትም አያደርሱም። ኮንቴምፕሌት ሁለት ቦታ ይቆማል። ይህን ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። የቀረው ሰዋስውና ቃሉ ለማን እንደሚሆን ማወቅ ነው።

ኮንሲደር፦ ስትጠራጠሩ እሱን

«ኮንሲደር» አንድን ነገር ልብ ብሎ ማየት፣ ማጤን፣ ከግምት ማስገባት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ውሳኔ አለ። አይከብድም፣ አይቀልም። ለአለቃ ይሆናል፣ ለጓደኛ ይሆናል፣ ለኤምባሲም ይሆናል። ከየካ አባዶ ወደ ኮዬ ፈጬ ቤት ለመቀየር የሚያስብ ሰው «አይ አም ኮንሲደሪንግ ሙቪንግ» ቢል ማንም ቅር አይለውም። ብዙ የሥርወ ቃል አጥኚዎች ቃሉን ከዋክብትን ከማየት ጋር ያያይዙታል። ደስ ይላል፤ ለማመልከቻ ግን ምንም አይፈይድም።

የሚፈይደው ሰዋስው ነው። እኛ «ስለ ጉዳዩ አሰብኩ» ስለምንል እጃችን «ኮንሲደር አባውት» ብሎ ይጽፋል። «አባውት» እዚያ ቦታ የለውም። «አባውት»ን የሚፈልገው «ቲንክ» ነው። «ኮንሲደር» ጉዳዩን በቀጥታ ይይዛል፦ «ኮንሲደር ዘ ኦፈር»። («ዲስከስ» ላይም ያው ነው። በየስብሰባው «ዲስከስ አባውት» ሲባል እሰማለሁ፤ መጻፍ ላይ ግን ተጠንቀቁ።) ሁለተኛው ወጥመድ ከኋላው ግሥ ሲመጣ ነው። «ኮንሲደር ቱ ጎ» አይባልም። «ኮንሲደር ጎዪንግ» ነው።

ቃሉ ሌላ ሥራም አለው። «አይ ኮንሲደር ሂም ኤ ፍሬንድ» ማለት «እንደ ጓደኛ እቆጥረዋለሁ» ነው። እዚህ ላይ ማሰላሰል የለም። በዚህ ትርጉም ሲሆን «አይ አም ኮንሲደሪንግ ሂም ኤ ፍሬንድ» አይባልም።

ከቃሉ የተወለዱትም ቃላት ያሳስታሉ። «ኮንሲደረብል» ማለት ብዙ፣ ጉልህ ማለት ነው። «ኮንሲደረት» ደግሞ ለሰው ስሜት የሚጠነቀቅ ሰው ነው። አለቃችሁን ለማመስገን ብላችሁ የመጀመሪያውን ከጻፋችሁ ምስጋናው ሌላ ነገር ይሆናል። የመጠን ጉዳይ ይመስላል።

ከዚህ ቤተሰብ ሥራ ፈላጊ ሁሉ የሚያውቀው «ኮንሲደሬሽን»ን ነው። «አፍተር ኬርፉል ኮንሲደሬሽን» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ከመጣ ቀሪውን ማንበብ ብዙም አያስፈልግም። በጥንቃቄ አይተነዋል፣ አልተሳካልህም ማለቱ ነው። በሌላ በኩል የማመልከቻ መዝጊያ ላይ «ቴንክ ዩ ፎር ዩር ኮንሲደሬሽን» ማለት ጨዋ ልማድ ነው። ይህን አረፍተ ነገር አታሳምሩት። ተማሪዎች «ኮንሲደሬሽን» ተለመደ ብለው በ«ኮንቴምፕሌሽን» ሲተኩት አይቻለሁ። ያኔ ምስጋናው «በእኔ ተመስጣችሁ ስለቆያችሁ» እንደማለት ይሆናል።

ኮንቴምፕሌት፦ ገና ሆድ ውስጥ ያለ ሐሳብ

ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ከባድ እርምጃ ለመውሰድ ማሰብ ነው። ሥራ መልቀቅ፣ ትዳር ማፍረስ፣ አገር ጥሎ መሄድ፣ ጡረታ መውጣት። ምሳ የት እንብላ ለሚለው አይሆንም። ሰውየው «ኮንሲደር» ሲል አማራጮቹን እያየ ነው፤ ምናልባት ዋጋ ጠይቋል፣ ሰው አማክሯል። «ኮንቴምፕሌት» ሲል ነገሩ ገና ሆዱ ውስጥ ነው፤ ይሆን ይሆን እያለ ነው።

ለዚህ ነው ማመልከቻ ላይ የማልወደው። ለዩኒቨርሲቲ «አይ አም ኮንቴምፕሌቲንግ አፕላይንግ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ያላችሁት «ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ነው» ነው። ተቀባዩ ቆርጣችሁ ስትመጡ ኑ ቢላችሁ አይፈረድበትም። ሰዋስው ላይ ከ«ኮንሲደር» ጋር ይስማማል፦ «አባውት» የለም፣ ከኋላው የሚመጣው ግሥም «ኢንግ» ይዞ ነው።

ሁለተኛው ፊቱ አንድን ነገር በተመስጦ ማየት ነው። እንጦጦ ላይ ተቀምጦ ከተማዋን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው «ኮንቴምፕሌት» እያደረገ ነው። የቃሉ ሥር ከ«ቴምፕለም» ጋር ይያያዛል። የጥንት ሮማውያን የወፎችን በረራ እያዩ የአማልክትን ፈቃድ የሚተረጉሙ ሰዎች ነበሯቸው። ምልክቱን የሚጠባበቁበት የተከለለ ቦታ ነው «ቴምፕለም» የሚባለው። ስለዚህ ቃሉ ዛሬም ዝምታና ገዳም ገዳም ይሸታል። በጸሎትና በአርምሞ ለሚኖር መነኩሴ ሕይወት እንግሊዝኛው የሚጠቀመው የዚሁኑ ቃል ቅጽል ነው።

ፖንደር እና መል ኦቨር፦ በጣም የሚምታቱት ሁለቱ

ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሰው እንደ አንድ ይወስዳቸዋል። ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

«ፖንደር» ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ክብደት ማለት ነው። እኛም ብንሆን «ማመዛዘን» የምንለው ከሚዛን ተነሥተን ነው። ታዲያ ክብደት ካለ ሚዛን አለ፣ ሚዛን ካለ ውሳኔ አለ ትሉ ይሆናል። በዛሬው እንግሊዝኛ እንደዚያ አይደለም። «ፖንደር» ጥያቄን በልብ ይዞ መቆየት ነው፤ መልስ ላይመጣ ይችላል። ሉቃስ 2፥19ን አስታውሱ። «ማርያም ግን ይህን ነገር ሁሉ በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» ይላል። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም እዚህ ቦታ ላይ የተጠቀመው «ፖንደር»ን ነው። እረኞቹ የነገሯት ነገር ውሳኔ የሚጠይቅ አልነበረም። በልቧ ያዘችው። የቃሉ ጠባይ ይኸው ነው።

ስለዚህ «ፖንደር» ለትልልቅ ጥያቄዎች ይሆናል። ሕይወት፣ ሞት፣ የልጆች የወደፊት ዕጣ፣ ሰው ለምን ይዋሻል የሚሉት። ልብ ወለድ ላይ ያምራል፣ ድርሰት ላይም ያምራል። የሥራ ኢሜይል ላይ ግን ይጋነናል። «አይ አም ፖንደሪንግ ዩር ኢንቮይስ» ብትሉ ሒሳብ ክፍሉ ይስቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ለቀልድ ይጠቀሙበታል፤ የምሳ ዝርዝር ላይ ለሚፈዝ ጓደኛቸው። በቀጥታ ጉዳዩን ሊይዝ ይችላል፣ «ኦን» ወይም «ኦቨር»ም ሊከተለው ይችላል። ከኋላው «ዋይ» እና «ሃው» ሲመጡ በጣም ይመቸዋል።

«መል ኦቨር» የቤት ልብሱን የለበሰ ቃል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተለመደ አነጋገር ነው፤ እስከ ዛሬም ከጽሑፍ ይልቅ ንግግር ይስማማዋል። የኛ «ማብላላት» ልክ ይሆንለታል። ጊዜ መስጠት አለበት፣ መጨረሻው ላይም ውሳኔ አለ። ገላን አካባቢ ቤት ያሳያችሁ ደላላ «ዛሬ ካልከፈላችሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል» እያለ ሲያጣድፋችሁ «ቆይ ትንሽ ላብላላው» የምትሉት ነው፦ «ሌት ሚ መል ኢት ኦቨር»። «ኢት» መሐል መግባቷን ልብ በሉ። «መል ኦቨር ኢት» አይባልም። «ቲንክ ኢት ኦቨር» ላይም እንደዚሁ ነው።

ለዚሁ ደላላ «ሌት ሚ ስሊፕ ኦን ኢት» ማለትም ትችላላችሁ። አማርኛችን «ልደርበት» ይላል፤ በነገሩ ላይ ማደር በሁለቱም ቋንቋ አለ። ይህ ግን የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። ነገ መልስ ይጠበቅባችኋል።

«መል» ሌላ ቦታም ያጋጥማችኋል፤ የእንግሊዝኛ ዜና ርዕስ ላይ። ጋዜጠኛ አጭር ቃል ይወዳል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ኮንሲደር» ስምንት ፊደል ነው፣ «መል» አራት። ስለዚህ «መንግሥት ቀረጥ ለመጨመር መል እያደረገ ነው» ዓይነት ርዕስ ይበዛል። «ዌይ» የሚለውም ቃል፣ መመዘን ማለት ነው፣ እዚያው ላይ ይሠራል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ገና አልተወሰነም። ወደ አማርኛ አዙረው ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉት ግን «መንግሥት ቀረጥ ሊጨምር ነው» ይሉታል። ሰው ይደነግጣል፣ ነጋዴውም ዋጋ ለመጨመር ሰበብ ያገኛል። ርዕስ ላይ «መል» ወይም «ዌይ» ካያችሁ ገና ምክር ላይ ያለ ነገር ነው።

ሪፍሌክት፦ ወደ ኋላ ማየት

ስኮላርሺፕ ለምትጽፉ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ቃል ይህ ነው። ሥሩ «መልሶ ማጠፍ» ማለት ነው፤ መስታወት ብርሃንን እንደሚመልሰው። ሐሳቡም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያለፈውን ያያል፣ ትምህርት ይዞ ይመጣል። በትምህርት ዓለም ቃሉን ትልቅ ቦታ ከሰጡት አንዱ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ስለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በሰፊው ጽፏል። አንድን እምነት ዝም ብሎ ከመቀበል በፊት መሠረቱንና የሚያስከትለውን በንቃት መመርመር ነው ይላል። መምህራን ኮሌጅ የተማረ ሰው ይህን ስም አይረሳውም።

እኛ አገር ግን ቃሉ ሥልጠና አዳራሽ ገብቶ ትርጉሙን ቀይሯል። «እስቲ ሪፍሌክት አድርጉበት» ሲባል አስተያየት ስጡ፣ ተናገሩ ማለት ሆኗል። ማይክራፎኑም ይዞራል። በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ትርጉሙ ዝም ብሎ ማሰብ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ላይ «ሪፍሌክት አደረግኩ» ስትሉ አንባቢው የሚጠብቀው ምን እንደተናገራችሁ አይደለም። ከሆነው ነገር ምን እንደተረዳችሁ ነው። «የመጀመሪያ ዓመት ውጤቴ ዝቅ ያለበትን ምክንያት ሪፍሌክት አድርጌ፣ የማጠናበትን መንገድ ቀየርኩ» ቢባል ቃሉ ቦታው ላይ ነው። ለወደፊት ዕቅድ ከሆነ «ኮንሲደር» ይሻላል።

አንድ ነገር አትርሱ። «ኦን» ከጎኑ መኖር አለበት። ያለ «ኦን» ከሆነ ማንጸባረቅ ወይም ማሳየት ነው፦ ሪፖርቱ እውነታውን ያሳያል እንደሚባለው። «ኦን»ም ኖሮ አድራጊው ሰው ካልሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሠራተኛው ጸባይ ድርጅቱ ላይ «ሪፍሌክት» ያደርጋል ሲባል ስሙን ይነካል ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሮች ይህችን በደንብ ያዟት። አለቃችሁ ከጻፈላችሁ ምስጋና ላይሆን ይችላል።

ደሊበሬት፦ ብዙ ሰው ሲሆን

አንድ ሰውም ብቻውን «ደሊበሬት» ሊያደርግ ይችላል። ቃሉ ቤቱን ያገኘው ግን ስብሰባ ላይ ነው። የብሎካችሁ ነዋሪዎች ለጋራ የውሃ ሮቶ ስንት እናዋጣ ብለው ተሰብስበው ሲመክሩ፣ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው አንድ አባል ይቀጣ አይቀጣ ሲሉ፣ ሥራው ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጁሪ የሚባሉት ፍርድ ሰጪ ዜጎች ክርክሩን ሰምተው ለብቻቸው ክፍል ገብተው የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። የላቲን ሥሩ «ሊብራ»፣ ሚዛን ነው። የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክትም የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። አማርኛው «መምከር» ይበቃዋል፤ መከሩ፣ ተማከሩ፣ ወሰኑ።

ለቃለ ጉባኤና ለሪፖርት ጥሩ ቃል ነው። ለግል ደብዳቤ ግን ቀዝቃዛ ነው። ለእጮኛችሁ «ስለ ሠርጋችን ደሊበሬት እያደረግኩ ነው» ብትጽፉላት ኮሚቴ ያቋቋማችሁ ይመስላታል።

አደጋው ቅጽሉ ላይ ነው። አጻጻፉ አንድ ነው፣ አነባበቡ ይለያል። ግሡ ሲሆን መጨረሻው «ሬይት» ይላል። ቅጽል ሲሆን «ረት» ብቻ ነው፤ ትርጉሙም በአብዛኛው «ሆን ተብሎ የተደረገ» ነው። ዕቃ ለምን ዘገየ ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ኢት ዋዝ ኤ ደሊበረት ዲሌይ» ብሎ መለሰ እንበል። በደንብ አስበንበት ነው ሊል ፈልጎ ይሆናል። አንባቢው ጋ የደረሰው «ሆን ብለን አዘገየነው» ነው። ኢሜይል ላይ ይህን ቅጽል ተዉት። «ዊ ኬርፉሊ ኮንሲደርድ» በሉና ምክንያቱን አስከትሉ።

ሩሚኔት እና ብሩድ፦ የማያደርሱት

ላምና በግ የዋጡትን መልሰው እንደሚያመሰኩ ታውቃላችሁ። «ሩሚኔት» ማለት ያ ነው፤ ማመስኳት። ቃሉ የመጣው ከሚያመሰኩ እንስሳት የመጀመሪያው የሆድ ክፍል ስም ነው። በድሮ ጽሑፎች ላይ ደግ ቃል ነበር። አንድን ሐሳብ ደጋግሞ ማኘክ፣ ጥሩ አድርጎ ማድቀቅ ማለት ነበር። ዛሬም የሥነ ጽሑፍ ሰው በዚህ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል።

በዕለት ተዕለቱ እንግሊዝኛ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቃሉን ወደ ሌላ ወስደውታል። በዚህ ስሟ የሚነሣው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን ሆክሲማ ናት። እሷና የሥራ ባልደረባዋ የስታንፎርድ ተማሪዎችን ስለ ስሜታቸው መጠይቅ አስሞልተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በጥቅምት 1989 እ.ኤ.አ.፣ ሎማ ፕሪየታ የሚባለው የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታው። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን መልሰው ጠየቁ። ከአደጋው በፊትም ቢሆን ስሜታቸውን መላልሰው የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ልጆች ከአደጋው በኋላ የበለጠ የድብርት ምልክት ታየባቸው። ጥናቱ የታተመው በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ «ሩሚኔሽን» ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው ጭንቀትን ነው፦ ምን ሆንኩ፣ ለምን ሆንኩ፣ ለምን ሁልጊዜ እኔ።

ከ«ሪፍሌክት» ጋር ያለው ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወደ ኋላ ያያሉ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ያልተሳካላት ልጅ «የትኛው ጥያቄ ላይ ደከምኩ? ለሚቀጥለው ምን ላንብብ?» ካለች «ሪፍሌክት» እያደረገች ነው። «ለምን እንደዚያ ብዬ መለስኩ? ሳቁብኝ እኮ! እኔ ድሮም አልታደልኩ» እያለች አንዱን ደቂቃ መቶ ጊዜ ከመለሰችው «ሩሚኔት» ነው። አማርኛችን ለዚህ «መብሰልሰል» የሚል ግሩም ቃል አለው። ስለዚህ ማመልከቻ ላይ «ሩሚኔት» ብሎ መጻፍ ለቀጣሪው ያልጠየቀውን የጤና ሁኔታ መንገር ነው።

ልጆቹ አሁን «ኦቨርቲንክ አታድርጊ» ይላሉ። ቀረብ ይላል ግን አንድ አይደለም። «ኦቨርቲንክ» ወደ ፊትም ያያል፤ ቴሌግራም ላይ ሁለት ምልክት አይታ መልስ ያልመጣላት ልጅ የምታደርገው እሱን ነው። «ሩሚኔት» የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር ላይ ነው። ደግሞ «ኦቨርቲንክ» ለጓደኛ እንጂ ለፈተና ድርሰት ብዙም አይመጥንም።

«ብሩድ» መጀመሪያ የዶሮ ቃል ነው፤ እንቁላል መታቀፍ። ሰው ሲያደርገው መቆዘም ይሆናል። ቂም ወይም ሐዘን ታቅፎ ዝም ማለት። ከ«ሩሚኔት» የሚለየው ከውጭ መታየቱ ነው። ፊቱ ይጠቁራል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ሲጠሩት አይሰማም። «ኦቨር» ወይም «ኦን» ይከተለዋል። ታሪክ ስትጽፉ ለገጸ ባሕርይ ሸጋ ቃል ነው። ስለ ራሳችሁ ግን ደብዳቤ ላይ አትጻፉት።

የቀሩት

«ሜዲቴት» ብቻውን ሲቆም ዛሬ ዓይን ጨፍኖ፣ ትንፋሽ እየቆጠሩ መቀመጥ ነው። «ኦን» ሲጨመርበት አንድን ቃል ወይም ሐሳብ በመንፈሳዊ መንገድ ማሰላሰል ይሆናል። ለሥራ አይሆንም። «ሚውዝ» በሐሳብ መንጎድ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ድረስ አውቶቡስ መስኮት ላይ ተደግፎ እንደሚኬደው። ደስ የሚል፣ ሰነፍ ቃል ነው። «ኮጂቴት» የሚለውን ከዝርዝሩ ላይ ካያችሁት እለፉት። ዛሬ በቁም ነገር የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው፤ አንባቢው እየቀለዳችሁ ይመስለዋል።

ታዲያ የቱን የት?

ለሥራ ማመልከቻና ለኢሜይል ከ«ኮንሲደር» አትራቁ። «ኬርፉሊ» ወይም «ሲሪየስሊ» ጨምሩበት፤ በቂ ክብደት ያገኛል። ለስኮላርሺፕ ድርሰት «ሪፍሌክት ኦን» አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ከሱ በኋላ ያወቃችሁትን ነገር ካልጻፋችሁ ግን ሰርዙት። ለቃለ ጉባኤ «ደሊበሬት»። ለጓደኛና ለደላላ «መል ኦቨር» ወይም «ስሊፕ ኦን ኢት»። «ፖንደር»ን ለልብ ወለድና ለግል ማስታወሻ አቆዩት።

አይኤልትስ ላይ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። የጽሑፍ ፈተናው የሚታረመው በአራት መስፈርት ነው፤ የቃላት ሀብት አንዱ ነው፣ ከአጠቃላዩም ሩቡን ይይዛል። ይህን የሰማ ተማሪ 250 ቃል በምትጠይቀው ሁለተኛዋ ድርሰት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። አራሚው የሚያየው ግን ብርቅ ቃል መኖሩን ብቻ አይደለም። ቃሉ ከጎረቤቶቹ ጋር መስማማቱንም ያያል። «ጋቨርንመንትስ ሹድ ኮንሲደር» ትክክል ተቀምጧል። «ጋቨርንመንትስ ሹድ ሩሚኔት» ብርቅ ነው፣ ግን መንግሥታት መብሰልሰል አለባቸው እንደማለት ነው። 40 ደቂቃ ነው ያላችሁ፤ እርግጠኛ ካልሆናችሁበት ቃል ጋር አትታገሉ።

ከፈተናው በፊት ቤት ስትሆኑ ደግሞ ቃሉን የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ላይ ሳይሆን ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ላይ ክፈቱት። ትርጉሙን በፍጥነት እለፉና ምሳሌዎቹን አንብቡ። ከፊቱ ማን ይቆማል፣ ሰው ነው ኮሚቴ? ከኋላውስ ምን ይመጣል፣ «ኦን» ነው፣ «ኢንግ» ነው፣ ወይስ ምንም? ሦስት አራት ምሳሌ ካያችሁ የቃሉ ጠባይ ይገባችኋል።

የንግግሩ ፈተና ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ካርድ ይሰጣችሁና ለመዘጋጀት አንድ ደቂቃ ታገኛላችሁ። ሦስተኛው ላይ ግን መዘጋጃ የለም፤ ፈታኙ ይጠይቃል፣ እናንተ ወዲያው ትመልሳላችሁ። ጥያቄው ከከበዳችሁና ትንፋሽ ለመግዛት ከፈለጋችሁ «ሌት ሚ ፖንደር» አትበሉ። ተራዋ «ሌት ሚ ቲንክ» እዚያ ላይ ትሠራለች፤ ፈታኙም ቢሆን በራሱ ቤት የሚለው እሷኑ ነው።